መጀመሪያ የልጆቹ አባት፣ ቀጥሎ ኤምባሲው

ሚስቱን ከነልጆቿ ከባሕር ዳር ወደ ሲያትል፣ ወደ ቶሮንቶ ወይም ወደ ለንደን ሊወስድ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው በኤምባሲው ነው። ደመወዙ ይበቃ እንደሆነ፣ ቃለ መጠይቁ ይከብድ እንደሆነ፣ የሰርጉ ፎቶግራፍ ያሳምን እንደሆነ ሲያሰላ ይከርማል። ልጆቹ ከአብራኩ አለመከፈላቸው ደግሞ ከሁሉ የከፋ እንቅፋት ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የብዙ አገሮች የኢሚግሬሽን ሕግ የእንጀራ ልጅን ያለ ብዙ ክርክር ይቀበላል። ጉዳዩን አስሮ የሚያስቀምጠው እዚሁ ባሕር ዳር፣ በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያለው ወይም መኖር ሲገባው የሌለው፣ ስለ ልጆቹ ወላጅ አባት የሚናገረው ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሕጎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይዘው ይቀርባሉ። ተቀባዩ አገር «ይህ ልጅ ለአመልካቹ ምኑ ነው? ዕድሜውስ ስንት ነው?» ይላል። የእኛው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ «ይህን ልጅ ይዞ ከአገር የመውጣት ሥልጣን የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቤተሰቡ ለመጀመሪያው ጥያቄ ዓመት ሙሉ ይዘጋጃል፤ ሁለተኛው ትዝ የሚለው ፓስፖርት ለማውጣት ሲሄድ ወይም የቪዛ ክፍሉ «የአባትየው ስምምነት የት አለ?» ሲል ነው። ያን ጊዜ አባትየው መተማ ይሁን ሪያድ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ አይገኝም።

ከአሜሪካ እንጀምር፤ የእንጀራ ልጅን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነውና። አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ሰው የሚስቱን ልጅ እንደ ልጁ አድርጎ ማመልከት ይችላል፤ ዋናው ቅድመ ሁኔታ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆኑ ነው። ጉዲፈቻ አይጠየቅም። የእንጀራ አባትየው ልጁን ማሳደጉን ወይም አብሮት መኖሩን ማሳየትም ግዴታ አይደለም። የሚፈለገው የእናትየውን ስም የያዘ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአሁኑ ጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ከሁለቱ አንዳቸው ቀድሞ አግብተው ከነበረ ያ ጋብቻ በሕግ መፍረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ልጆቹ በእናታቸው ማመልከቻ ውስጥ ተጠቃለው ይሄዳሉ ብለው ነው። አመልካቹ ዜጋ ከሆነ እንዲህ አይሠራም። ለሚስቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ለየብቻው አይ-130 የሚባለውን ቅጽ መሙላት አለበት፤ እናትና ሦስት ልጆች ማለት አራት ማመልከቻ፣ አራት ክፍያ ነው። አመልካቹ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ ግን ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች በእናታቸው ስም ሥር ተካትተው ይሄዳሉ። ጣጣው የሚመጣው ይኸው ሰው መንገድ ላይ ዜግነት ሲያገኝ ነው። በአንድ በኩል የእናትየው ጉዳይ ወረፋ ከመጠበቅ ይድናል፤ በሌላ በኩል በእሷ ሥር የነበሩት ልጆች ከመዝገቡ ይወድቃሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋል። እናታቸው ስታገባ 18 ዓመት ያለፈው ልጅ ካለ ደግሞ የእንጀራ አባትየው በአዲሱ መንገድ ሊያመለክትለት አይችልም። የዜግነት ቃለ መሐላ ፈጽሞ ባንዲራ ይዞ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው በዚያው ቀን የሚስቱን ትልቅ ልጅ ጉዳይ እንደዘጋው የሚነግረው ሰው አያገኝም።

የውጭ ጉዲፈቻ ክልከላም ሳያስፈልግ ሰዎችን ያስደነግጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ኢትዮጵያውያን ልጆች ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ከልክሏል። የእንጀራ ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ልጁ የሚሄደው ከወለደችው እናቱ ጋር ነው፤ ለማንም አልተሰጠም። ስለዚህ «ጉዲፈቻ ስለተከለከለ ልጆቹን በራሴ ስም ላስመዝግባቸው» የሚለው ስሌት መነሻው ስሕተት ነው።

በዚህ ስሌት ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚደርሰው በእሱ ነውና። አንድ ደላላ፣ አንዳንዴም አንድ ዘመድ፣ «ለምን ትለፋለህ? የልደት ካርዱን አንተን አባት አድርገን እናውጣው» ይላል። ለጆሮ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሥርዓት ይዞ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ቀበሌም ማዘጋጃ ቤትም በየራሱ መንገድ ይሰጥ ስለነበር ብዙ ልጆች ካርድ ያወጡት ትምህርት ቤት ሲገቡ ወይም ፓስፖርት ሲፈልጉ ነው። የቆንስላ ሠራተኞች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አሥር ዓመት ዘግይቶ የወጣ የልደት ካርድ ሲያዩ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አባት ነኝ ያለው ሰው አባት ሳይሆን ሲቀር ነገሩ የልጁ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአሜሪካ ሕግ ሐሰተኛ መረጃ አቅርቦ ቪዛ ለማግኘት መሞከር ዕድሜ ልክ ከመግባት ሊያግድ የሚችል ጥፋት ነው፤ ይቅርታ የሚገኝበት ቀዳዳም ጠባብ ነው። እዚህም ቢሆን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትና በዚያ መገልገል በወንጀል ያስጠይቃል። እውነቱ ቢነገር ልጁ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ያለ ችግር የሚያልፍበትን በር በውሸት መዝጋት ማለት ይህ ነው። የልጁ ስም ተከትሎ የሚመጣው የወላጅ አባቱ ስም መሆኑም ማንንም ሊያሳፍር አይገባም፤ ቆንስላው የሚፈልገው የእናቱን ስም ነው።

አሁን ወደ ክልሉ ሕግ እንግባ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ጉዳይ የሚዳኘው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። በመሠረተ ሐሳባቸው ይቀራረባሉ። ሁለቱም ልጅን ለማሳደግ ያለውን ኃላፊነት በሁለት ቃል ይከፍሉታል፦ አሳዳሪ የልጁን አካል፣ ጤናና ትምህርት ይመለከታል፤ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱንና በሕግ ፊት መወከሉን። ወላጆች በትዳር ሳሉ ሁለቱንም ሥልጣን በጋራ ይይዛሉ። አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ ለሌላው ይቀራል። ሲፋቱ ግን ማን ምን እንደሚይዝ ውሳኔ ያስፈልጋል።

ችግሩ ከፍቺው ይጀምራል። «በሽማግሌ ተለያይተናል» የሚለውን አባባል በጣና ዙሪያ ያልሰማ የለም። ሰማንያ ታስሮ የነበረ ትዳር በሽማግሌ ፊት ይበተናል፤ ከብቱና ቤቱ ይከፈላል፤ ሁለቱም ወገኖች ጉዳዩ አለቀ ብለው ይኖራሉ። በዕለት ኑሮ በእርግጥ አልቋል። በሕግ ፊት ግን ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ነው፤ የሽማግሌው ድርሻ ማስታረቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት ከውጭ ከመጣው ሰው ጋር ስትጋባ የመጀመሪያው ጋብቻ እንዳለ ስለሆነ ሁለተኛው ጋብቻ ዋጋ ያጣል፤ ጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸም በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑ ሳይረሳ። ሁለተኛው ጋብቻ ከሌለ ደግሞ የእንጀራ አባትና የእንጀራ ልጅ የሚባል ዝምድና የለም፤ ማመልከቻው ከሥሩ ተነቀለ ማለት ነው። ስለዚህ ድግሱ ከመደገሱ በፊት የመጀመሪያው ፍቺ በወረዳ ፍርድ ቤት ጸንቶ የውሳኔው ግልባጭ በእጅ መግባት አለበት። ባልና ሚስት የሚያደርግ ሥርዓት ሳይፈጸም አብረው የኖሩ ከሆነ የፍቺ ጣጣ ላይኖር ይችላል፤ የልጆቹ አባት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል።

ፍቺው በፍርድ ቤት የተወሰነላት እናትም ብትሆን ወረቀቷን አውጥታ በጥንቃቄ ማንበብ አለባት። የተለመደው ውሳኔ መልኩ ይህን ይመስላል፦ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይኑሩ፤ አባት በየወሩ ይህን ያህል ብር ቀለብ ይቁረጥ፤ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ወስዶ ይመልስ። ሽምብጥ ለምትኖር እናትና ቀበሌ 14 ለሚኖር አባት ይህ በቂ ነበር። ውጭ አገር ለሚያይ ዓይን ግን ሦስተኛው መስመር ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። አባትየው በየሳምንቱ መጨረሻ የመጠየቅ መብት በፍርድ ተሰጥቶታል፤ ልጆቹ ወደ ሚኒሶታ ሲሄዱ ያ መብት ምን ይሆናል? ውሳኔው ስለ ጉዞ አንድም ቃል ስለማይናገር ለእናትየው ፈቃድ ነው ብሎ ማንበብ ያስቸግራል። ስለዚህ ወደዚያው ፍርድ ቤት ተመልሶ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ያስፈልጋል፤ የሚፈለገውም ቃል ግልጽ ነው፦ እናት ልጆቹን ይዛ በዚህ አገር በቋሚነት ለመኖር መሄድ እንድትችል፣ ለዚህም ፓስፖርትና ቪዛ ብቻዋን እንድታስወጣ። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚሠሩት ራፖር ጸሐፊዎች ለልማዳዊው አቤቱታ እጃቸው የፈጠነ ነው፤ ይህኛውን ግን በአንድ ገጽ ልማዳዊ ቃል ካስጻፉት ውሳኔውም ያንኑ ልማዳዊ ቃል ይዞ ይወጣል። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይወስንም። የጠበቃ ገንዘብ የት ይውጣ ለሚል ሰው መልሴ እዚህ ላይ ነው፤ ለቪዛ ቅጽ ሞይ ከሚከፈለው ይልቅ ለዚህች አቤቱታ ቢከፈል ይሻላል።

አባትየው ካለና ከተስማማ ነገሩ ይቀላል። ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈርማል፤ ውጭ አገር ካለ ደግሞ በዚያ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ፊት ፈርሞ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ይረጋገጣል። ጽሑፉ የልጆቹን ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን፣ የሚሄዱበትን አገር፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ጉዞው ለቋሚ ኑሮ መሆኑን ይጥቀስ። «ልጆቼ ቢሄዱ አልቃወምም» የሚል የአንድ መስመር ወረቀት ለጉብኝት ይሁን ለዘለቄታ አይታወቅም። ስምምነቱን ከፍርድ ቤት ውሳኔ ጋር ማጣመር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመያዝ የተሻለ ነው፤ አባትየው ነገ ሐሳቡን ቢቀይር ፊርማውን ለማንሣት ይሞክራል፤ ውሳኔውን ለማስለወጥ ግን መከራከር አለበት።

ይህን ፊርማ ለማግኘት የሚደረገው ድርድር ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ነው፤ በዚህ ረገድ ሽማግሌ ከፍርድ ቤት ይበልጣል ባይ ነኝ። ቀለብ ያልከፈለ አባት ያለፈው ይቅርልኝ ይላል። ሌላው ገንዘብ ይጠይቃል። አብዛኛው ግን የሚፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹ ስሙን ረስተው በእንጀራ አባታቸው ስም እንዳይጠሩበት። ይህ ፍርሃት ከገንዘቡ ይልቅ ከልብ ሊደመጥ ይገባዋል፤ ከተደመጠም ፊርማው የሚገኘው በእሱ በኩል ነው።

አባትየው የጠፋ ከሆነ መንገዱ ይረዝማል። መጥሪያ የሚደርሰው አድራሻ ሲታጣ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ እንዲጠራ ያዝዛል፤ በክልላችን ይህ ጥሪ ብዙ ጊዜ በ«በኵር» ላይ ይወጣል። የጋዜጣውን የኋላ ገጾች የሚያገላብጥ ሰው በየሳምንቱ እነዚህን ጥሪዎች ያያል፦ ከሳሽ እገሊት፣ ተከሳሽ እገሌ፣ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ቀርበህ መልስ ስጥ። ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። የወጣበት ጋዜጣ ቅጂ ከውሳኔው ጋር ተያይዞ መቀመጥ አለበት፤ አባትየው በአግባቡ ተፈልጎ እንደነበር ለውጭ ተቋም የሚያስረዳው እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው የጠፋን ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ የሚያመለክቱበት ሌላ መንገድም አለ፤ ለአሳዳሪነት ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል። ባሕር ዳር ላይ ችሎት ቢቀመጥም ፍቺው የተወሰነበት የገጠር ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ አንዳንዴ አይገኝም፤ ምስክር ከቀበሌው መውጣት አይችልም፤ ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየባቸው ወራትም ነበሩ። አባትየው በጦርነት ሞቷል እየተባለ የሞት ምስክር ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ሀዘኑ ተቀምጧል፣ ተስካሩ ወጥቷል፣ በወረቀት ግን ሰውየው በሕይወት አለ። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ሞቱን አስመዝግባ ወይም በፍርድ ቤት አስረጋግጣ ማስረጃውን መያዝ ከሁሉ ይቀድማል። ቃለ መጠይቁ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ በገብረ ጉራቻ በኩል ባለው መንገድ ተሳፋሪዎች በተደጋጋሚ ስለታገቱ ልጆች ይዞ በአውቶቡስ መሄድን የሚደፍር ቀንሷል፤ የአውሮፕላን ትኬቱም ከወጪው ጋር ይታሰብ።

አባትየው ኖሮ እምቢ ካለስ? እምቢታው የመጨረሻ ቃል አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ማናቸውም እርምጃ የልጁ ጥቅም መቅደም እንዳለበት ይደነግጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ ይህን ወደ ተግባር አውርዶታል፤ ልጁን ባሳደገች አክስትና በወለደ አባት መካከል በተነሣ ክርክር፣ ወላጅ መሆን ብቻውን ልጁን ለመረከብ እንደማያበቃ፣ የልጁ ጥቅም ተመርምሮ መወሰን እንዳለበት አስረግጧል። የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በዚህ ላይ የምትተማመን እናት ግን ሚዛኑ በሁለት በኩል እንደሚያጋድል ማወቅ አለባት። «ውጭ አገር ይሻላል» ማለት በራሱ የልጁን ጥቅም አያስረዳም። ልጁ የት ይማራል? የእንጀራ አባቱን ያውቀዋል? ከአባቱ ጋር ምን ያህል ይቀራረባል? ነፍስ ያወቀ ልጅ ከሆነስ ራሱ ምን ይላል? እነዚህን የሚመልስ ማስረጃ ይዛ ካልቀረበች የአባትየው እምቢታ ሚዛን ሊደፋ ይችላል፤ አንዳንዴም ሊደፋ ይገባዋል።

ስለ አባትየው የሚቀርበው ወረቀት ደግሞ በየአገሩ ክብደቱ ይለያያል። ካናዳ በዚህ ረገድ የማያሻማ ናት፤ ከአንዱ ወላጁ ጋር ለሚሄድ ልጅ የማይሄደው ወላጅ የሚፈርምበት አይኤምኤም 5604 የሚባል ቅጽ አላት። ስዊድንም እንዲሁ ልጁን የማሳደግ ሥልጣን ያለው ሌላ ወላጅ ካለ ፈቃዱን ትጠይቃለች። እንግሊዝ ግን ጥያቄዋን ገልብጣ ታቀርባለች፦ እናት ለልጁ ብቸኛ ኃላፊነት ነበራት ወይ? ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ኑሮው የምትወስነው እሷ ብቻ ነበረች ወይ? እዚህ ላይ የአባትየው ቅን ደብዳቤ ሊጎዳ ይችላል። «ልጆቼን በየሳምንቱ እጠይቃለሁ፣ ትምህርት ቤታቸውን አብረን ነው የመረጥነው፣ ቢሄዱ ደስ ይለኛል» ብሎ የጻፈ አባት ለካናዳ መልካም ምስክር ሆኖ ሳለ ለእንግሊዝ ኃላፊነቱ የጋራ እንደነበር ማስረጃ ሰጠ ማለት ነው። ውሸት ይጻፍ እያልኩ አይደለም። ብቸኛ ኃላፊነት ያልነበራት እናት በሌላኛው መስፈርት፣ ልጁን እንዳይገባ መከልከልን ተገቢ የማያደርግ ከባድና አስገዳጅ ምክንያት አለ ብላ መከራከር ይኖርባታል፤ ያ ደግሞ ከባድ ክርክር ነው። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከጋባዡ የምትጠይቀው የ29,000 ፓውንድ ዓመታዊ ገቢም አለ፤ አሜሪካ በበኩሏ ከድህነት ወለል 125 በመቶ የሆነ ገቢ ትጠይቃለች፤ የሚሄዱት ልጆች በቁጥር በበዙ መጠንም ያ ወለል ከፍ ይላል።

«እኔ ልቅደም፤ ልጆቹ እናቴ ዘንድ ይቆዩና አስከትላቸዋለሁ» የሚል ውሳኔም በጣም የተለመደ ነው። ልጆቹ ዘጌ ወይም ዳንግላ አያታቸው ቤት ይቀራሉ። ለእንግሊዝ ይህ የብቸኛ ኃላፊነትን ክርክር ያላላዋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ውሳኔ ሰጪዋ አያት ናቸው መባሉ አይቀርም። ለካናዳ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። እናት በራሷ ማመልከቻ ላይ የማይሄዱትን ልጆቿን ጭምር መጥቀስና ማስመርመር አለባት፤ ያላስመዘገበችው ልጅ ኋላ በቤተሰብ ስም እንዳይሄድ ደንቡ ይከለክላል። ጋብቻው እንዳይበላሽ፣ ባልየው እንዳይሰማ ወይም ጉዳዩ እንዳይወሳሰብ ተብሎ የተደበቀ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አዲሱ ባል ልጅ መኖሩን ማወቅ ያለበት ከቅጹ በፊት ነው፤ ይህ ከኢሚግሬሽንም በላይ ነው።

ዕድሜ ሌላው የሚያሯሩጥ ነገር ነው፤ የዘመን አቆጣጠራችንም ይጨምርበታል። መስከረም 3 ቀን 2000 ዓ.ም የተወለደች ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 2007 ነው የተወለደችው። በእኛ አቆጣጠር 18 ዓመት የሞላት መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም ነው፤ ያ ቀን ግን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2025 ላይ ስለሚውል በእነሱ ቆጠራ አንድ ቀን ይቀራታል። አንድ ቀን ጋብቻን ያዘገየ ሰው ብዙ አይገኝም፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ባለው ጊዜ ዓመቱ ላይ 7 መደመር ሲገባው 8 የደመረ ተርጓሚ ግን ሞልቷል። የልደት ካርዱ አንድ ዓመት፣ ፓስፖርቱ ሌላ ዓመት፣ የክትባት ካርዱ ሦስተኛ ዓመት ይናገራሉ። ይህ ሲሆን ቆንስላው የትኛውን ይመን? ሰነዶቹ ሳይተረጎሙ በፊት አጠገብ ለአጠገብ ተደርድረው ቀኑና የስሙ አጻጻፍ ቢታይ ዓመት የሚፈጅ ደብዳቤ ይቀንሳል።

18 ያለፋቸው ልጆች ካሉ የአሜሪካው መንገድ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ዜጋው የ19 ዓመቷን የእንጀራ ልጁን ማምጣት አይችልም። ሳይጋቡ በእጮኛ ቪዛ ቢሆን ግን ከ21 ዓመት በታች የሆነች ያላገባች ልጅ ከእናቷ ጋር ልትሄድ ትችላለች፤ ጋብቻው እዚያ ይፈጸማል። እንግዲህ ለቤተሰቡ ደስታ ተብሎ ባሕር ዳር ላይ በችኮላ የተፈረመ ሰማንያ አንዲትን ልጅ ከኋላ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጆቹን ዕድሜ የሚጠይቅ ሙሽራ ቢታይ ሰዎች ይስቁበት ይሆናል፤ ይሳቁ።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የሚሆነው ብዙም አይወራም። እናትና የእንጀራ አባት የተጋቡት ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከሆነ እናትም ልጆችም አሜሪካ ሲገቡ የሚያገኙት የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ነው። ልጆቹ በእንጀራ አባታቸው ዜግነት ዜጋ አይሆኑም፤ የአሜሪካ ሕግ ለዚህ የሚቆጥረው የወለደን ወይም በጉዲፈቻ ያሳደገን ወላጅ ነው። ዜግነቱ የሚመጣላቸው እናታቸው ስታገኝ ነው፤ እሷም ከዜጋ ባሏ ጋር እየኖረች ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ማመልከት ትችላለች፤ 18 ዓመት ያልሞላቸውና በእሷ አሳዳጊነት የሚኖሩ ልጆች በእሷ ዜግነት ዜጋ ይሆናሉ። እዚህ ላይም ያ የባሕር ዳሩ የአሳዳሪነት ውሳኔ እንደገና ይፈለጋል፤ ሕጉ ልጁ በዜጋው ወላጅ ሕጋዊ አሳዳጊነት ሥር መሆኑን ይጠይቃልና።

አባትየው ደግሞ ከፈረመ በኋላ እጁ ባዶ ነው። ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ በሄግ የተፈረመውን ከአገር ያለአግባብ የተወሰዱ ልጆችን የማስመለሻ ስምምነት አልተቀበለችም፤ ስለዚህ እናት ቃሏን ብታጥፍ ወይም ልጆቹን ከአባታቸው ብትለይ በዚያ መንገድ ሊሟገት አይችልም። የወረዳ ፍርድ ቤቶቻችን ፈቃድ ሲሰጡ ይህን ቢያስቡ መልካም ነበር። «እናት ልጆቹን ይዛ እንድትሄድ ተፈቅዷል» ከሚለው መስመር ቀጥሎ አባት ልጆቹን በሳምንት ስንት ጊዜ በስልክ በምስል እንደሚያነጋግር፣ አድራሻ ሲቀየር በስንት ቀን ውስጥ እንደሚነገረው፣ በስንት ዓመት አንዴ ክረምትን ከእሱ ጋር እንደሚያሳልፉና ትኬቱን ማን እንደሚገዛ፣ የትምህርት ቤት ውጤታቸው ቅጂ ለማን እንደሚላክ ማስፈር ይቻላል። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሚጠይቅ ተከራካሪ ነው የጠፋው፤ እናትም ብትሆን ይህን ራሷ አዘጋጅታ ብታቀርብ አባትየው ብዕር ለማንሣት የሚያቅማማበት ምክንያት ይቀንሳል።